ስልሳ አንድ ዓመት የቀረው ቤት

አቶ ኤርነስት ስቶባርት በዚያ ሐሙስ ከባሕሩ ዳር ወደ ሰፈራቸው ወደ ሃርልሳይድ የሚመለሰውን አውቶቡስ ሲሳፈሩ፣ በአንድ እጃቸው ሜትር፣ በሌላው እጃቸው በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ ዓሣና ድንች ይዘው ነበር። ዕድሜያቸው ሰባ ሦስት ነው። ሠላሳ አንዱን ዓመት ከምድር በታች ከሰል ሲቆፍሩ ኖረዋል፤ ጉድጓዱ ከተዘጋ ወዲህ ግን ዓለማቸው የመወዳደሪያ እርግቦቻቸውና አብራቸው የምትኖረው አንዲት ልጃቸው ሲልቪያ ሆነዋል። ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣም ካለ፣ ደረታቸውም በክረምት ማፏጨት ከጀመረ ሰንበትበት ብሏል። ልባቸው ግን ያን ቀን የጎረምሳ ልብ ሆኖ ነበር፤ ቤት አግኝተዋልና።

«አጎቴ ኤርነስት! ይምጡ፣ እዚህ ይቀመጡ» የሚል ድምፅ ሰሙ።

ሄዘር ቲንዴል ነበረች። የሟቹ የጓደኛቸው የአልበርት ቲንዴል ልጅ ናት፤ የእርግብ ክለቡን ሽማግሌዎች ሁሉ አጎቴ እያለች ነው ያደገችው። አሁን ሠላሳ ዓመት አልፏታል። ሕግ ተምራ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ ባለው ቢሮ የቤት ግዢና ሽያጭ ጉዳይ ትይዛለች። አባቷ ከሞቱ ወዲህ ደግሞ የክለቡን የውድድር ሰዓቶች የማሸጉን ኃላፊነት ሽማግሌዎቹ በአንድ ድምፅ ለእሷ ሰጥተዋታል። ይህ በሃርልሳይድ ትንሽ ክብር አይደለም።

«ምነው ሜትር ተሸክመው? አናጢነት ጀመሩ እንዴ?» አለቻቸው።

«የለም የኔ አበባ፣ አዲሱን ቤታችንን ለክቼ መመለሴ ነው። ከሕንፃው የታችኛው ቤት፣ ደረጃ የሚባል የለበትም! ሦስት መኝታ ክፍል፣ ፊቱ ባሕር። ጓሮው ደግሞ፣ ስሚኝ፣ ጓሮው ለእርግብ ቤት የተፈጠረ ነው። ስድስት ሜትር በሦስት ሠርቼ ለእኔ ወንበር ማስቀመጫ ይተርፈኛል።»

«‹ቤታችን› ያሉት ከማን ጋር ነው?»

«ከዊልፍ ጋር ነዋ! ከማን ጋር ሊሆን ኖሯል?»

ዊልፍ ኮክሰን በጉድጓዱ ውስጥም ከጉድጓዱ ውጪም የአቶ ኤርነስት ባልንጀራ ናቸው። ሁለቱ አንድ የእርግብ ቤትና አንድ የውድድር ሰዓት ይዘው አርባ ዓመት አብረው ተወዳድረዋል። ሚስቶቻቸው የሞቱት በሦስት ዓመት ልዩነት ነው። አቶ ዊልፍ ልጅ አልወለዱም፤ ያላቸው ዘመድ በሊድስ የሚኖር ራስል የሚባል የእህት ልጅ ብቻ ነው።

«እሱም ቤቱን ይሸጣል፣ እኔም እሸጣለሁ፤ እኩል አዋጥተን እንገዛለን። ሲልቪያ አንዱን ክፍል ትይዛለች፤ እኛ ስናልፍ ቤቱ ማረፊያዋ ይሆናል። ሻጩም ጨዋ ሰው ነው። ሻይ አፍልቶ፣ ብስኩት አቅርቦ፣ ተጨባበጥን፤ አለቀ ደቀቀ!»

«እሰይ! እንኳን ደስ አለዎት» አለች ሄዘር፣ ከልቧ። ከዚያ ዓሣው ሳይቀዘቅዝባቸው ጥቂት እስኪጎርሱ ጠብቃ፣ «ሊዙ ስንት ዓመት ቀርቶታል?» ስትል ጠየቀች።

«ስልሳ አንድ።»

«ስልሳ አንድ ብቻ?»

«ብቻ!» አሉ አቶ ኤርነስት፣ ከኋላ የተቀመጡት እንዲሰሙላቸው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ሰባ ሦስት ላይ ስልሳ አንድ ጨምሪበት። መቶ ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላኝ ውጣ ቢሉኝ፣ ቃሌን እሰጥሻለሁ፣ አላስቸግራቸውም!»

አውቶቡሱ በሳቅ ተሞላ። ሄዘርም አብራ ሳቀች። ብዙ የተማሩ ወጣቶች እንዲህ ሲሳቅባቸው ፊታቸውን ያጠቁራሉ፤ እሷ ግን ሰው ሲያስቃት መሳቅን ታውቅበት ነበር። ይህ ጠባይዋ ከዲፕሎማዋ ይልቅ ሳይጠቅማት አልቀረም።

«እርስዎን ማንም አያስወጣዎትም አጎቴ። ግን ቤቱን ለሲልቪያ ነው ያሉኝ። እሷ ስንት ዓመቷ ነው?»

«አርባ አራት።»

«ስለዚህ ከሃያ ዓመት በኋላ፣ ስልሳ አራት ዓመት ሲሆናት፣ ቤቱን ሸጣ ወደ ሌላ ልሂድ ብትል በእጇ ያለው አርባ አንድ ዓመት የቀረው ቤት ነው። እሱን የሚገዛ ሰው ባንክ ብድር አይሰጠውም። በሊዝ የሚገዙት እኮ ግድግዳውን ለዘላለም አይደለም፤ እዚያ ውስጥ የመኖርን ዘመን ነው። ዘመኑ በየዓመቱ ይቀንሳል። ከሰማንያ በታች ከወረደ ደግሞ፣ ለማራዘም የሚጠየቀው ገንዘብ ከዓመት ዓመት ይብስበታል።»

አቶ ኤርነስት ድንቹን ማላመጥ አቆሙ።

«ጓሮውስ? በሊዙ ውስጥ ተጽፏል?» ሄዘር ቀጠለች።

«የወጥ ቤቱ በር የሚከፈተው ወደ ጓሮው ነው! ሌላ ማን ሊገባበት ነው?»

«በሩ መከፈቱ መሬቱን የእርስዎ አያደርገውም። መሬቱ የሕንፃው ባለቤት ሊሆን ይችላል። ሌላም አለ፤ ከአጎቴ ዊልፍ ጋር ስትገዙ በምን መልክ ነው የምትይዙት? በአንድነት ነው በየድርሻ? አንዳችሁ ብትሞቱ…»

«ተይ!» አሉ አቶ ኤርነስት። ሳቃቸው ጠፋ። «ስለ ጓሮው የፈለግሽውን ጠይቂ። በእኔና በዊልፍ መካከል ግን ወረቀት አታስገቢ። በሺህ ዘጠኝ መቶ ሰባ አራት የጉድጓዱ ጣራ ሲናድብን በሁለት እጁ ቆፍሮ ያወጣኝ እሱ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ‹ና ፈርምልኝ› ልበለው? ያሳፍራል።»

«ለማሳፈር አይደለም…»

«መልካም ቀን ይሁንልሽ» አሉና ተነሡ። ሰውዬው በንዴት ውስጥ ሆነውም ጨዋ ነበሩ። ከሰፈራቸው አንድ ፌርማታ ቀድመው ወርደው፣ በእነዚያ ጉልበቶቻቸው ዳገቱን ሽቅብ ተያያዙት፤ ዓሣውም በእጃቸው እንዳለ ቀዘቀዘ።

አንባቢ ሆይ፣ እኒህን ሽማግሌ ሞኝ ናቸው ብለህ አትፍረድባቸው። አቶ ኤርነስት አንዲት እርግብ ለመግዛት ሲሄዱ ክንፏን ላባ በላባ ዘርግተው ያያሉ፣ ደረቷን በአውራ ጣታቸው ይዳስሳሉ፣ ዓይኗን በማጉያ መነጽር ይመረምራሉ፣ እናቷና አያቷ ከየት ከተማ በስንት ሰዓት እንደተመለሱ ይጠይቃሉ። የሚገርመው እንዲህ ያለው ጠንቃቃ ሰው፣ ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን የሚያፈስበትን ቤት ግን በመስኮቱ ባሕር ስለታየ ብቻ ሊገዛ መነሣቱ ነው። ምክንያቱ ስንፍና አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። ብስኩት ያቀረበላቸውን ሰው መጠየቅ፣ ጓደኛን ማስፈረም፣ በዚያ አገር ነውር ይመስላል። ከነውር ደግሞ ኪሳራ ይሻላል የሚሉ ብዙ ናቸው።

በማግስቱ ዓርብ ነበር። ዓርብ የውድድር ዋዜማ ስለሆነ፣ ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ አባሎቹ ሁሉ በሳጥን ውስጥ የተገጠመውን የውድድር ሰዓታቸውን ታቅፈው ወደ ክለቡ ይመጣሉ። ሥርዓቱ ይህ ነው፤ ሰዓቶቹ በአንድ ምልክት እኩል መቁጠር ይጀምራሉ፣ ክዳናቸው ይቆለፋል፣ በሽቦና ከእርሳስ ብረት በተሠራ ማኅተም ይታሸጋል። እርግቦቹ በጭነት መኪና ወደ ደቡብ ይወሰዱና ቅዳሜ ጠዋት ይለቀቃሉ። አንዷ ስትመለስ ባለቤቷ ከእግሯ ላይ የጎማውን ቀለበት አውጥቶ በሰዓቱ ቀዳዳ ይከተዋል፤ ሰዓቱም ደቂቃና ሰከንዱን ያትማል። ማታውን ማኅተሙ ሁሉም እያየ ይፈታል።

አቶ ኤርነስት ከአቶ ዊልፍ ጋር የሚጋሩትን ሰዓት ጠረጴዛው ላይ አኖሩና የትናንቱን ቅሬታ ለማስታወስ ያህል ወደ ጣራው አዩ። ሄዘር ሰዓቱን አስተካከለች፣ ሽቦውን አዞረች፣ እርሳሱን በመቆንጠጫ ጨመቀች።

«ጎትቺው» አሉ አቶ ኤርነስት።

ጎተተችው።

«በደንብ ጎትቺው። አባትሽ ሁለቴ ነበር የሚጎትተው።»

ሁለተኛ ጎተተችው። ከዚያም ቀስ ብላ፣ «አጎቴ፣ ይህን ሰዓት ማን እንዳይነካው ነው የምናሽገው? ሌባ አለ እንዴ በክለባችን?» አለቻቸው።

«ምን ሌባ አለ! ሁሉም ወንድሞቼ ናቸው።»

«ታዲያ ወንድም ከሆኑ ለምን ይታሸጋል?»

አቶ ኤርነስት ይህን ጥያቄ ለመመለስ የተፈጠሩ ያህል ወንበራቸውን ስበው ተቀመጡ። «ነገሩን የማታውቂው ይመስል! ከአባቴ ዘመን በፊት ማኅተም አልነበረም። ሁለት ወንድማማቾች ነበሩ፤ የአንድ እናት ልጆች። አንድ ቀን የሁለቱ እርግቦች በአሥራ አንድ ሰከንድ ልዩነት ገቡ። አንዱ ‹ሰዓትህን ነክተሃል› አለ፤ ያኛው ‹አልነካሁም› አለ። ማን ይመስክር? እስኪሞቱ ድረስ ሳይነጋገሩ በአንድ ጎዳና ላይ ኖሩ። በአሥራ አንድ ሰከንድ! ከዚያ ወዲህ ነው ማሸግ የመጣው። ማሸግ ማለት አላምንህም ማለት አይደለም። ነገ ክፉ ቀን ቢመጣ በመካከላችን ጥርጣሬ የሚገባበት ቀዳዳ አይኑር ማለት ነው። እኔ ሰዓቴን ሳሳሽግ ወዳጆቼን ማክበሬ ነው።»

ይህን ተናግረው ቀና አሉ። ሄዘር መቆንጠጫዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ዓይን ዓይናቸውን ታያቸው ነበር፤ የአሸናፊነት ፈገግታ ፊቷ ላይ አልነበረም።

«አጎቴ» አለች፣ «ለአሥራ አንድ ሰከንድ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው፣ ልጁ ለምትኖርበት ቤት አንዲት ማኅተም ይንፈጋት?»

አቶ ኤርነስት ቢመልሱ የሚቃወሙት የገዛ ቃላቸውን ነበር። ሰዓታቸውን ታቅፈው ወጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ ግን ዞር ብለው፣ «ሰኞ ስንት ሰዓት ነው ቢሮ የምትገቢው?» አሉ።

ሰኞ ሁለቱ ሽማግሌዎች የእሑድ ኮታቸውን ለብሰው ከዳቦ ቤቱ በላይ ወዳለው ቢሮ ወጡ። አቶ ዊልፍ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ናቸው። አቶ ኤርነስት ቅዳሜና እሑድን ሙሉ ‹ምን ይለኝ ይሆን?› እያሉ ሲብሰለሰሉ ከርመው ነበር፤ አቶ ዊልፍ ግን የነገሯቸውን ሰምተው፣ «ደግ» ብቻ ብለው ነው ኮታቸውን ያነሡት።

ሄዘር የሊዙን ውል ቤቱን ከሚያሻሽጠው ደላላ አስልካ ሁለት ጊዜ አንብባዋለች። ሻይ በወተት ቀድታ ወረቀቱን በመካከላቸው ዘረጋችው።

«ከመልካሙ ልጀምር» አለች። «ከሻጩ ጋር መጨባበጣችሁ እስካሁን አላሰራችሁም። የቤት ሽያጭ በአገራችን የሚጸናው የተፈረመው ውል ከሁለቱ ወገን ሲለዋወጥ ነው። እስከዚያ እሱም መተው ይችላል፣ እናንተም መጠየቅ ትችላላችሁ። ስለዚህ አሁን መጠየቅ ነውር አይደለም፤ ጊዜው ነው።»

«ብስኩቱን በልተን?» አሉ አቶ ኤርነስት።

«ብስኩቱን በልታችሁ። አሁን ወደ ጓሮው። እነሆ ካርታው። ለቤታችሁ የተሰጠው በቀይ መስመር የተከበበው ነው። ጓሮው ከቀዩ መስመር ውጪ ነው። በእግር የማለፍ ፈቃድ እንጂ ምንም የመሥራት መብት የለበትም።»

አቶ ኤርነስትን በኪሳቸው ያለው ሜትር የከበዳቸው ያኔ ነው።

«እዚህ ደግሞ፣ አሥራ አራተኛው አንቀጽ፣ ‹ከሕንፃው ባለቤት የጽሑፍ ፈቃድ ሳያገኝ ማናቸውንም ወፍ፣ ውሻ፣ ድመት ወይም ተሳቢ እንስሳ አያኖርም።› እርግብ ወፍ ናት አጎቴ።»

«የእኔ እርግቦች ወፍ አይደሉም፣ ስፖርተኞች ናቸው!»

«ዳኛው ይህን አይሰማዎትም።» ሦስቱም ሳቁ። «ሦስተኛ፣ ጣራው። ሕንፃው አራት ቤት አለው፤ ጣራው ሲያፈስ የማሠሪያው ወጪ ለአራት ይካፈላል።»

«እኛ እኮ ታች ነን! የጣራው ውኃ እኛ ጋ እስኪደርስ ሦስት ሰው ይሰጥማል» አሉ አቶ ኤርነስት።

«ቢሆንም ትከፍላላችሁ፤ ውሉ እንደዚያ ይላል። ስለዚህ ጣራው መቼ እንደታደሰና በሚቀጥሉት ዓመታት ምን ሥራ እንደታቀደ ከመፈረማችን በፊት በጽሑፍ እንጠይቃለን።»

«ጣራውን የሚያሠራው ማነው አልሽ?» አሉ አቶ ዊልፍ።

ሄዘር ደግማ ነገረቻቸው። ጥቂት ቆይተው ያንኑ ጥያቄ እንደገና ጠየቁ። አቶ ኤርነስት ባልንጀራቸውን በክርናቸው ነካ አድርገው፣ «ጆሮህን የት ጣልከው?» ብለው ቀለዱባቸው።

በመጨረሻ የፈሩት ጥያቄ መጣ። ሄዘር እስክርቢቶዋን አስቀመጠች።

«ሁለት ሰዎች ቤት በአንድነት ከያዙ፣ አንዱ ሲሞት ቤቱ በሙሉ ያለ ኑዛዜ ለተረፈው ይሆናል። ለባልና ሚስት ብዙ ጊዜ ይስማማል። ለእናንተ ግን አስቡት። አጎቴ ኤርነስት ቀድመው ቢያልፉ፣ ቤቱ ሁሉ የአጎቴ ዊልፍ ነው። አጎቴ ዊልፍ ሲልቪያን እንደማያስወጧት አውቃለሁ፤ ግን እሳቸውም አንድ ቀን ያልፋሉ። ያኔ ቤቱ ወደ ራስል ይሄዳል። ራስል ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ ሲልቪያን አያውቃትም፣ እናንተ የተጨባበጣችሁ ለትም አልነበረም።»

«በየድርሻ ከሆነስ?» አሉ አቶ ኤርነስት ቀስ ብለው።

«የእያንዳንዳችሁ ግማሽ በየኑዛዜያችሁ ይተላለፋል። ከዚያም የድርሻ ውል እንጽፋለን፦ ሁለታችሁም ሲልቪያም እስከፈለጋችሁ ድረስ በቤቱ ትኖራላችሁ፤ አንዳችሁ ብታልፉም የቀረው ከሲልቪያ ጋር ይኖራል፤ የሚኖሩበት ሳይስማሙ ማንም አይሸጠውም።»

አቶ ኤርነስት ወደ ባልንጀራቸው ማየት አቃታቸው። ቆባቸውን በጉልበታቸው ላይ እያሽከረከሩ፣ «ዊልፍ፣ እንዳትቀየመኝ። ያንተን ቃል ተጠራጥሬ አይደለም። ይህች ልጅ ነች…» አሉ።

«አንተ ሰው» አሉ አቶ ዊልፍ፤ ከወትሮው ረዘም ያለ ንግግር ሊናገሩ እንደሆነ ሲያውቁ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እኔ አብረን ቤት እንግዛ ካልን ጀምሮ ይህን ነገር ሳስብ ስድስት ወር ሆኖኛል። አንተ ትቀየማለህ ብዬ ነው ዝም ያልኩት። ራስል መጥቶ ሲልቪያን ‹ዕቃሽን አውጪ› ሲላት በሕልሜ አይቼ ነቅቼ አውቃለሁ። ልጅቷን በጫንቃዬ ተሸክሜ ነው ያሳደግኋት። የት ነው የምፈርመው?»

የአቶ ኤርነስት ዓይን እንባ አቀረረ። ሁለት ሰዎች አንዱ ሌላውን ላለማስቀየም ሲሉ፣ ለሁለቱም የሚበጀውን ነገር ግማሽ ዓመት ሙሉ ሳያነሡት ኖረዋል። ይሉኝታ እንዲህ ነው፤ የሚዋደዱትን ሰዎች አፍ ይዘጋል። ሄዘርም በዚያች ሰዓት ሻይ ለመቅዳት ተነሥታ ሄደች፤ መቼ መናገርና መቼ ጀርባ መስጠት እንዳለባት ማወቋ፣ ለእኔ ከሕግ ዕውቀቷ ሁሉ የሚደነቅ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራው ሰባት ወር ፈጀ። ሻጩ በመጀመሪያ አኮረፈ፤ ነገር ግን ሌላ ገዢም ቢመጣ ይህንኑ እንደሚጠይቀው ሄዘር ስታስረዳው፣ የሊዙን ማራዘሚያ ጥያቄ እሱ አቅርቦ መብቱን ለእነሱ ሊያስተላልፍ ተስማማ። ዋጋውንም በዚያው ልክ ቀነሰ። በሕጉ መሠረት ዘጠና ዓመት ተጨመረ፤ ስልሳ አንዱ መቶ ሃምሳ አንድ ሆነ። ለመሬቱ በየዓመቱ ይከፈል የነበረው ኪራይም ቀረና በምትኩ አዲሱ ውል ላይ «በዓመት አንዲት የቁንዶ በርበሬ ፍሬ፣ ከተጠየቀ ብቻ» ተብሎ ተጻፈ። የድሮ የሕግ ቋንቋ ነው፤ ምንም አይከፈልም ለማለት ነው። አቶ ኤርነስት ግን በሕግ ቀልድ የለም ብለው አንዲት ቁንዶ በርበሬ በሰደርያቸው ኪስ ይዘው መዞር ጀመሩ።

የሕንፃው ባለቤት በደርሃም ከተማ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ሄዘር በጻፈችላቸው ደብዳቤ ላይ ተመሥርተው ለእርግብ ቤቱ የጽሑፍ ፈቃድ ሰጡ፦ ከሃያ አራት እርግብ እንዳይበልጥ፣ ቤቱ ነጭ ቀለም እንዲቀባ፣ በየቀኑ እንዲጸዳ። «ሃያ አራት!» ብለው አቶ ኤርነስት ተማረሩ፤ ያላቸው ግን ሃያ ሁለት ነበር። የጣራውም መልስ መጣ፤ በሚቀጥለው ዓመት ሊታደስ ታቅዷል። ያንን ድርሻ ሻጩ እንዲችል በውሉ ተጻፈ። ሁለቱ ኑዛዜዎችና የድርሻ ውሉ ተፈረሙ። ሲልቪያ ባሕሩን የሚያየውን ክፍል መረጠች፤ በትምህርት ቤቱ ወጥ ቤት ስትሠራ ውላ ስትመለስ፣ ከእርግቦቹ በፊት ሽማግሌዎቹን ትቆጥራለች እያሉ ጎረቤቶች ይቀልዱባቸዋል።

አቶ ኤርነስት ያን ጊዜ ያገኙትን ትምህርት ለብቻቸው አልያዙትም። ዓርብ ዓርብ ክለቡ ውስጥ ቤት ልገዛ ነው የሚል ሰው ከተሰማ፣ ሰዓታቸውን ትተው ወደ እሱ ይገሰግሳሉ። «ስንት ዓመት ቀርቶታል? ከሰማንያ በታች ከሆነ ሻጩ ያራዝምልህ። ቀዩን መስመር አይተሃል? ጣራው የማን ነው? እንስሳ ይፈቅዳል ወይ? ከማን ጋር ነው የምትይዘው፣ ኑዛዜስ አለህ? መጀመሪያ አስነብብ፣ ከዚያ ፈርም!» ይላሉ። አንዳንዱ «የሄዘር አታሞ» እያለ ያሾፍባቸው ነበር፤ ያሾፉት ሰዎች ግን ሲገዙ አስነብበው ነው የገዙት። አንዱ እንዲያውም ገላጣ ማሳ የሚያይ ቤት ሊገዛ ሲል፣ በማሳው ላይ መንገድ ሊሠራበት መሆኑን በዚህ ጥያቄ ደርሶበት ዳነ።

አራት ዓመት አለፈ። የአቶ ዊልፍ አእምሮ ቀስ በቀስ ይደክም ጀመር። በመጀመሪያ መነጽራቸውን፣ ቀጥሎ የጎረቤት ስም፣ ከዚያም ሚስታቸው መሞቷን ረሱ። አቶ ኤርነስት በዚያ ሰኞ ቢሮ ውስጥ ስለ ጣራው ሁለቴ የተጠየቀውን ጥያቄና የራሳቸውን ቀልድ አስታውሰው አዘኑ።

አንድ ቅዳሜ ራስል ከሊድስ መጣ። ጨዋ፣ የተጨነቀ ሰው ነው። አጎቱን አይቶ ልቡ ተሰበረ፤ ከዚያም ወደ ወጥ ቤት ገብቶ፣ «አቶ ስቶባርት፣ አጎቴን እንክብካቤ ወዳለበት ቦታ ልወስደው ይገባኛል። ለዚያ ደግሞ ቤቱ መሸጥ አለበት። በመካከላችሁ ስላለው ነገር ጠየቅሁት፤ ምንም አያስታውስም። ሴትየዋም ማን እንደሆነች አላወቃትም» አለ።

ሴትየዋ ሲልቪያ ነበረች። ምድጃው አጠገብ ቆማ፣ የሾርባ ማንኪያ በእጇ እንደያዘች ደረቀች። አቶ ኤርነስት ልጃቸውን አዩ። ከጉድጓዱ ጣራ ፍርስራሽ ውስጥ ያወጣቸው ሰው አሁን ልጃቸውን አያውቃትም፤ የተጨባበጡበትም እጅ ማንን እንደጨበጠ ረስቷል። ቃላቸውን የሚያስታውስ አንድ እሳቸው ብቻ ቀርተዋል፤ ያ ደግሞ ለማንም ማስረጃ አይሆንም። አቶ ኤርነስት ተነሥተው ከውድድሩ ሰዓት ሳጥን ውስጥ የድርሻ ውሉን አወጡ።

ራስል ቆሞ አነበበ፣ ተቀምጦ ደግሞ አነበበ። ከዚያ በረጅሙ ተነፈሰ። «እንኳን ጻፋችሁት» አለ። «እኔ ምን እንደሚፈልግ ሳላውቅ ልወስንለት ነበር። እዚህ መኖር ከፈለገ፣ እዚሁ ይኑር። የሚረዳችሁ ሰው በሳምንት ሦስት ቀን እንዲመጣ አደርጋለሁ።» ሲልቪያ ያኔ ነው ማንኪያውን ያስቀመጠችው፤ ራስልንም ለምሳ አስቀረችው።

ዛሬ አቶ ዊልፍ ከሰዓት በኋላ ነጩ የእርግብ ቤት ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። በየቀኑ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ፤ አቶ ኤርነስትም በየቀኑ ይመልሳሉ፣ አንድም ቀን ሰልችቷቸው አያውቅም።

«ይህ ቤት የማን ነው?»

«ግማሹ ያንተ፣ ግማሹ የእኔ። ሲልቪያም እስከፈለገች ትኖርበታለች።»

«እንዲህ ያለው ማነው?»

አቶ ኤርነስት ወረቀቱን አውጥተው ያነቡላቸዋል። አቶ ዊልፍ ጎንበስ ብለው በታች ያለውን ፊርማ በጣታቸው ይዳስሳሉ።

«ይህ የእኔ እጅ ነው።»

«ያንተ ነው ወንድሜ።»

ያኔ ሌላው ሁሉ ከጠፋበት ዓይናቸው ውስጥ የድሮው የክለብ ሰው ብቅ ይላል፤ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው፣ «ታሽጓል?» ይላሉ።

«ታሽጓል። ሁለቴ ጎትቼ አይቼዋለሁ።»